ከግራና እስከ ባሕር ጠረፍ፦ የአንድ ቀን መንገድ፣ የአንድ ወር ዝግጅት

(የቲም ልጆችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦችና ለረጂ ወንድሞችና እህቶች ግራና ላይ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ ሸኾቻችን፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፤ ከልጆቻችሁ ጉርሻ ቀንሳችሁ የወንድማችሁን ልጅ የምታሳድጉ ቤተሰቦች፤ ከሩቅም ከቅርብም እጃችሁን የዘረጋችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ አላህ ሥራችሁን ይቀበላችሁ።

ለዛሬው መድረክ የተመረጠው ርእስ «ከግራና ተነስቶ በአንድ ቀን ባሕር ጠረፍ መድረስ ይቻላልን? ጉዞውስ እንዴት ይታቀዳል?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሌላ አገር ሰው ቢቀርብ የሽርሽር ጥያቄ ይሆን ነበር። በሐብሩ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ለምንኖር ግን ከዚያ ያለፈ ክብደት አለው። ደላላው ወደ ልጆቻችን ሲቀርብ የመጀመሪያ ቃሉ «ባሕሩ እኮ የአንድ ቀን መንገድ ነው» የሚል ነውና። ይህ አባባል ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማስተባበሉ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። በጥሩ መኪና፣ በተሟላ ሰነድ፣ በቂ ውኃ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ባሕሩ በእርግጥ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ዛሬ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ከእናንተ ጋር እንቆጥረዋለን፤ በአግባቡ ሲታቀድ ምን እንደሚጠይቅም እንዘረዝራለን። ትክክለኛውን ሒሳብ ያወቀ ቤተሰብ የደላላውን ሒሳብ ለመመርመር አይቸገርም።

የቀድሞዎቹ መንገደኞች

ከባሕር ጋር የተዋወቅነው ዛሬ አይደለም። ኢስላም ወደዚህ ምድር የመጣው ባሕሩን አቋርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ከመካ ሸሽተው በመርከብ ወደ ሐበሻ ሲሻገሩ፣ የሚሄዱበትን አገር፣ የንጉሡን ፍትሐዊነትና የጉዟቸውን ምክንያት አውቀው ነበር። የተነሡትም ወዳልታወቀ ስፍራ ሳይሆን ሰው እንደማይበደልበት ወደተነገራቸው ደጅ ነው።

ከዚያም በኋላ የወሎ፣ የሸዋና የአውሳ ነጋዴዎችና ሑጃጆች ለብዙ ዘመናት ወደ ታጁራ፣ ወደ አሰብና ወደ ምጽዋ ወርደዋል። ታጁራ ባለ ሰባት መስጊዷ ከተማ እየተባለች የምትጠራ ጥንታዊ ወደብ ናት። የአሳል ሐይቅ አሞሌና ጨው የሚጫነው፣ የደጋው እቃ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገረው በእርሷ ነበር። የሚያሳዝነው ግን የባሪያ ንግድም በዚሁ ወደብ ያልፍ ነበር።

ያ መንገድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ እንደነበር ከታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1841 ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ተጉዟል። ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊም ታጁራ ላይ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ተነስቶ አንኮበር የደረሰው በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ገንዘብም ግመልም መንገድ መሪም ነበራቸው። የቀድሞ ቅፍለት ከውኃ ጉድጓድ ወደ ውኃ ጉድጓድ የሚቆጠር ነበር። አንድ ጉድጓድ ደረቀ ማለት መላው ቅፍለት አለቀ ማለት ነውና፣ ማንም ያለ አፋር መሪ አይነሳም።

ለአባቶቻችን ትውልድ ደግሞ ባሕር ማለት አሰብ ነበር። ጣልያን ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ የሚያደርስ መንገድ ከሠራ በኋላ የወሎ ሾፌር አሰብን እንደ ቤቱ ያውቀው ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ቢከፈትም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘግቷል። በመሆኑም የዛሬ ተጓዥ ስለ ባሕር ሲያስብ ስለ ጅቡቲ ማሰብ ይኖርበታል።

መንገዱ በየምዕራፉ

ከግራና ወደ ባሕር የሚወስዱ ሁለት የመኪና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ በስሪንቃ በኩል ወልድያ፣ ከወልድያ ሐራ፣ ከሐራ ጭፍራ፣ ከጭፍራ ሚሌ ነው። ሁለተኛው በደቡብ በኩል ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ወርዶ ሚሌ የሚገናኝ ሲሆን ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሚሌ ላይ ሁለቱም ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ከሚመጣው ታላቁ የወደብ መንገድ ጋር ይገጥማሉ። ከሚሌ በኋላ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ዲቸቶ እያለ ጋላፊ ድንበር ይደርሳል። ከጋላፊ በዲኪል በኩል ጅቡቲ ከተማ 200 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ጠቅላላው ከግራና እስከ ጅቡቲ ከተማ በግምት 600 ኪሎ ሜትር ነው።

ከዲቸቶ ወደ ኤሊዳርና ባልሆ የሚታጠፍ፣ ወደ ታጁራ የሚወርድ ሌላ መንገድም አለ። የታጁራ አዲስ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረቀ ወዲህ ይህ አቅጣጫ ትኩረት አግኝቷል። ይሁንና መንገደኛ ለሆነ ሰው የተለመደው በር ጋላፊ ነው።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ መቁጠር ግን አይበቃም፤ ቁልቁለቱንም መቁጠር ያስፈልጋል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሚሌና ሰመራ ወደ 500 ሜትርና ከዚያ በታች ይወርዳሉ። በጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ሆኖ የአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ወልድያ ላይ ጋቢ ለብሶ ተነስቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሸሚዙ ከገላው ጋር ይጣበቅበታል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በአፋር ቆላና በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። በጅቡቲ ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ የሚነፍሰውም በዚሁ ወቅት ነው። የደጋ ሰው ገላ ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል፤ መኪና ግን በሰዓታት ውስጥ ያደርሰዋል።

ከጉዞው አንድ ወር በፊት

አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ቡድን ይህን ጉዞ በሕጋዊ መንገድ ሊያደርግ ቢያስብ፣ ዝግጅቱን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመር አለበት። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

የመጀመሪያው ሰነድ ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የጅቡቲ የመግቢያ ፈቃድም ከመነሳት በፊት ማለቅ ይኖርበታል። ዕድሜው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ፣ በተለይም አባቱ የሞተበት ልጅ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ብዙ አሳዳጊዎች ልጁን ለዓመታት ሲያሳድጉ ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማረጋገጫ አልያዙም። ይህ ወረቀት ለጉዞ ብቻ ሳይሆን ለውርሱ፣ ለትምህርቱና ለሕክምናው ጭምር ስለሚጠቅም፣ ጉዞ ባይታሰብም ዛሬውኑ መጀመር ያለበት ጉዳይ ነው።

ሁለት «ቢጫ ካርዶች» እንዳሉ ልብ በሉ፤ ሰው ያደናግራቸዋልና። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሲሆን የሚይዘው ተጓዡ ነው። ሁለተኛው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የመኪና የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ የሚይዘውም መኪናው ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም በዚህ የመድን ስምምነት ውስጥ ናቸው። የመኪናው ሊብሬ፣ ቦሎና የሾፌሩ መንጃ ፈቃድም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑ ይታይ። መኪናው ድንበር የሚሻገርበት የጉምሩክ ፈቃድም ቀድሞ ይጠየቅ።

ሁለተኛው ወቅት ነው። የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በክረምት ሁለት አደጋ አለ፤ አንዱ ሙቀቱ፣ ሁለተኛው ደራሽ ጎርፍ ነው። በደጋው የዘነበ ዝናብ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። ደረቅ የመሰለውን ወንዝ ውኃ ሲሞላው ሊሻገር የሚሞክር ሾፌር ሕይወትን ያህል ነገር ቁማር ላይ ያስቀምጣል። ከቀናትም አርብን መነሻ ማድረግ አይመከርም፤ በጅቡቲ የሳምንቱ የዕረፍት ቀናት አርብና ቅዳሜ በመሆናቸው ቢሮዎች ይዘጋሉ።

ሦስተኛው ፀጥታ ነው። ጭፍራና አካባቢዋ በ2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ነበሩ። ወልድያና አካባቢያችንም በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ያየነውን መከራ አይተናል፤ ከእኛ መካከል ያሉ አንዳንድ የቲሞች አባታቸውን ያጡት በዚያን ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያትም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ባለው ሳምንት፣ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት መንገዱን ከሚመላለሱ ሾፌሮች መጠየቅ ግዴታ ነው። ወንድሞቻችን አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ጠቡና ስለ ሰላሙ ሁሉ ይጠያየቃሉ። ለመንገድ ከዚህ የተሻለ ጥበብ የለም። ዳጉ ሳይጠይቅ የሚነሳ መንገደኛ ዐይኑን ጨፍኖ እንደተነሳ ይቆጠራል። መንገዱ ሰላም አይደለም ከተባለም ጉዞው ይቅር። ባሕሩ ከቦታው አይሄድም።

አራተኛው መኪናው ነው። ሙቀት ያረጀ ጎማን ያፈነዳል። ስለሆነም አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው ያላለቀ፣ ስኮርታውም የተነፋ መሆን አለበት። ራዲያተሩ የማያፈስ፣ ቺንጋው ያልተሰነጠቀ፣ ፍሬኑ የተፈተሸ ይሁን፤ ከወልድያ ወደ ቆላው የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ይፈትናልና። ክሪክና የጎማ መፍቻ አይረሱ። ከሚሌ እስከ ጅቡቲ ባለው መንገድ ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛውን የሚያመላልሱ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት ይተላለፋሉ። በዚያ መንገድ ላይ መብራቱ የማይሠራ መኪና ይዞ መውጣት በራስም በሰውም ላይ መፍረድ ነው።

አምስተኛው ውኃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ይያዝ። ለመኪናው ለብቻው አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ይጫን፤ ይህ አይጠጣም። 10 ሰው የሚጓዝ ከሆነ ለሰው 50፣ ለመኪና 20፣ በድምሩ 70 ሊትር ማለት ነው። ኦ.አር.ኤስ. በርከት ተደርጎ ይያዝ። ልጅ ራሱን ካመመው፣ ማላብ ካቆመና መዘባረቅ ከጀመረ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው። ወዲያው ጥላ ሥር አስተኝቶ ገላውን በውኃ እያራሱ ማራገብና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ «እኛ በአላህ እንመካለን» የሚል ወንድም ሊኖር ይችላል። መመካት ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ ይወጡ የነበሩ ሰዎች ስንቅ እንዲይዙ የታዘዙ መሆናቸውን ሸኾቻችን አስተምረውናል። ስንቅ መያዝ ከተወኩል ጋር አይጣላም፤ የተወኩል አንዱ ክፍል ነው።

አንዱ ቀን ከየት ይጀምራል?

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከግራና ሱብሒ ሰግደን ከሌሊቱ 11፡30 ብንነሳ፣ ወልድያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ እንደርሳለን። ሚሌ 5 ሰዓት፣ ሰመራ 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ምሳና ሶላት አንድ ሰዓት ይወስዳሉ። ጋላፊ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ብንደርስ የድንበሩ ጉዳይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ እስከ ጅቡቲ ከተማ አራት ሰዓት ያህል መንገድ ይቀራል፤ ይህም በጨለማ፣ በተሳቢዎች መካከል፣ ከንጋት ጀምሮ መሪ በያዘ በደከመ ሾፌር እጅ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ይደረሳልን? ይደረሳል። በዚህ ሁኔታ መድረስ ግን አይመከርም።

የተሻለው አቆጣጠር ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማል፤ ዕለት የሚገባው በመግሪብ ነው። ጉዞውንም እንዲሁ ብንቆጥረው ይቀላል። በዋዜማው ጠዋት ሳንቸኩል ከግራና ተነስተን፣ ከመግሪብ በፊት ሎግያ ወይም ሰመራ ገብተን እንደር። ሾፌሩ ይተኛ። አጎበር አይረሳ፤ ቆላው የወባ አገር ነውና። ሱብሒ ሰግደን ስንነሳ ከፊታችን ያለው የቀኑ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ጋላፊን በማለዳ እናልፋለን፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማም የባሕሩን ውኃ እናያለን፤ ኢንሻ አላህ። ከመግሪብ እስከ መግሪብ አንድ ቀን ሆነ ማለት ነው፤ በሰላም የሚደረስበት አንድ ቀን።

ተጓዦች ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ በሱና የተወደደ ነው። የዚህ ጥቅም በተግባር ይታያል። «ሾፌሩ ደክሟል፣ እንቁም» የሚል አንድ የሚደመጥ ሰው ሲኖር ክርክር አይኖርም። ሶላትን ማሳጠርና ማጣመርም ለመንገደኛ የተሰጠ ቅለት ነውና፣ ዝርዝሩን ከሸኾቻችን ጠይቆ መሄድ ነው። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ያስታውቅ፣ አማና ያለበት አማናውን ያስረክብ። ለቤት የቀረ ሰውም የሾፌሩን ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋና የሚታደርበትን ስፍራ በወረቀት ጽፎ ይያዝ።

ያለ ዝግጅት የሚነሱት

እስካሁን የተናገርነው መኪና፣ ሰነድና 70 ሊትር ውኃ ስላለው ሰው ነው። አሁን ይህ ሁሉ ስለሌለው ልጅ እንነጋገር።

የሰሜን ወሎ ወጣት ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሚሄድበት መንገድ ይኸው መንገድ ነው። በጭፍራ፣ በሚሌና በሎግያ ያልፋል። ልዩነቱ ድንበሩ ሲቃረብ ከመኪና ወርዶ በእግሩ መጓዙ፣ መዳረሻውም ከታጁራ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ኦቦክና ከእርሷም ወዲያ ያሉት ሰው አልባ የባሕር ዳርቻዎች መሆናቸው ነው። ደላላው «አንድ ቀን» ያለው የመኪናውን ሒሳብ ነው፤ ልጁ የሚጓዘው ግን በእግር ሒሳብ ነው።

ይህን ሒሳብ እዚሁ ተቀምጠን መሥራት እንችላለን። ውኃ የሌለበት 100 ኪሎ ሜትር በረሃ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄዱት አራት ቀን ይፈጃል። በቀን 5 ሊትር ውኃ ቢባል 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ ሸክም ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ 20 ኪሎ ውኃ ተሸክሞ በ40 ዲግሪ ሙቀት በጥቁር ድንጋይ ላይ አራት ቀን ሊሄድ ይችላልን? አይችልም። ስለዚህ የሚይዘው ሁለት ሊትር ነው። ሁለት ሊትር ደግሞ ግማሽ ቀን አያደርስም። በአሳል ሐይቅ ዙሪያና በኦቦክ መንገድ ላይ የሚገኙት ስም አልባ መቃብሮች የዚህ ሒሳብ ውጤት ናቸው።

ባሕሩ ላይ የደረሰውም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በጅቡቲ ጎዶርያ አጠገብ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። በተከታዩ ሚያዝያ ወር በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ሰጥማ ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከየመን የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ተሳፋሪዎቻቸውን ጠረፍ ሳይደርሱ ባሕር ላይ አውርደው ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 150 ያህል ኢትዮጵያውያንን ያሳፈረች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ሰጥማ አብዛኞቹ አልቀዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የመንን በሕይወት ያቋረጠውን ደግሞ አጋቾች ይጠብቁታል፤ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ ማስለቀቂያ ይልካል።

ከነዚህ ጀልባዎች እያንዳንዳቸው የቲሞችን ትተዋል። ስለዚህ የየቲም ድጋፍና የባሕሩ መንገድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ልጁ «ልሂድ» ሲል ወይም ደላላው ደጅ ሲመጣ ከመቆጣት ይልቅ አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ፓስፖርቱ የት አለ? ጋላፊን በየትኛው ፈቃድ ያልፋል? ስንት ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል? ለስንት ቀን ስንት ሊትር ውኃ ይያዝለታል? ማዶ ሲደርስ በስም የሚታወቅ ማን ይቀበለዋል? ሕጋዊ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ለአምስቱም መልስ አለው። ደላላ ግን ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ይቆጣል ወይም ወሬ ይቀይራል። አገሪቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን እና በሰው መነገድን የሚከላከለውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ያወጣችው ለዚሁ ነው። ሕጋዊው በር ረጅምና አድካሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም በሩ ከነ አድራሻው አለ።

ለጉዞው ተብሎ የየቲሙ በሬ ወይም ላም እንዲሸጥ ሲጠየቅ ደግሞ እጅግ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። የየቲም ገንዘብ አማና ነው። አሳዳጊው የሚጠብቀው እንጂ በደላላ እጅ የሚያስቀምጠው አይደለም።

ለረጂ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እንላለን። በሸሪዓ የቲምነት ለአቅመ አዳም በመድረስ ያበቃል። ብዙ ድጋፍም በዚያው ዕድሜ ይቆማል። ደላላው ልጁን የሚፈልገው ግን በትክክል በዚያ ዓመት ነው። ትናንት ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛለት የነበረ ልጅ፣ ዛሬ «አድገሃል» ተብሎ ድጋፉ ሲቋረጥበት፣ በማግስቱ የሚያናግረው ሰው ደላላው ብቻ ይሆናል። ስያሜው ቢያበቃም በጎ ሥራው ባያበቃ ምን ይጎዳል? ከ15 እስከ 18 ባሉት ዓመታት የሚሰጥ ድጋፍ፣ ትምህርቱን የሚያስጨርስ፣ ሙያ የሚያስተምር፣ በግራና ሸለቆ መስኖ ላይ ለሽንኩርት ማሳ የዘርና የማዳበሪያ መነሻ የሚሆን ድጋፍ፣ አንድን ወጣት ከዚያ መንገድ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ከሰደቃዎች ሁሉ ጊዜው የደረሰ ሰደቃ ነው።

በመጨረሻም፣ ልጆቻችን ባሕርን ማየት መመኘታቸው ኃጢአት አይደለም። ባሕር የአላህ ታላቅ ፍጥረት ነው። አንድ ቀን መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ሰነዱ ተሟልቶ፣ ውኃው ተጭኖ፣ አሚር ተመርጦ፣ ልጆቻችን በመኪና መስኮት የሰመራን ሜዳና የታጁራን ባሕረ ሰላጤ አይተው፣ በሳምንቱ ወደ ግራና ሊመለሱ ይችላሉ። የጉዞ እቅድ የሚባለው መመለሻው ጭምር ሲታሰብ ነው። ደላላው ያልቆጠረው መመለሻውን ነው።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። በበረሃና በባሕር ያለቁትን ይማርልን። ለየቲሞቻችን ጠባቂና ረዳት ይሁናቸው። የረጂዎቻችንን ሰደቃ ይቀበል፤ በቤታቸው በረካ ያድርግ። ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።